የራሔል እንኮይ

ጋሽ አባይነህ ካልጋሪን ሃያ ዓመት ሙሉ በታክሲ አቋርጠዋታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ከፋልከንሪጅ ሰፈር ኤርፖርት ይደርሳሉ ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም። ዳውንታውን፣ መሃል ከተማ፣ በእግር የገቡ ቀን ግን ትናንት እንደመጣ ሰው ይጠፋሉ። ታክሲ የሚሄደው መሬት ላይ ነዋ! የዳውንታውን ሰው ደግሞ በብርዱ ወራት መሬት አይረግጥም፤ ከፎቅ ወደ ፎቅ በተዘረጋው የመስታወት ድልድይ፣ ፕላስ ፊፍቲን በሚሉት፣ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ያን ዕለት ጋሽ አባይነህ ከፓስፖርት ቢሮ ወጥተው ብርዱን ሽሽት እዚያ ገቡ። ሰባተኛ ጎዳናና ባቡሩ ከእግራቸው ሥር ወለል ብለው ይታዩአቸዋል፤ መውረጃ ደረጃው ግን የት እንዳለ ጠፋቸው።

ሰው መጠየቅ ደግሞ ሞት ነው። ባለ ታክሲ መንገድ ጠየቀ ከሚባል ሦስት ጊዜ ቢዞር ይሻለዋል፤ እሳቸውም ሦስት ጊዜ ዞሩ። በሦስተኛው ዙር ያንኑ ጫማ ቤት ሲያልፉ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠች ጥቁር ካፖርት የለበሰች ሴት አዩ። ምራታቸው ደቦራ ናት፤ የአንድያ ልጃቸው የፋኑኤል ሚስት። በዚህ ሰዓት መገኘት የነበረባት ሰሜን ምሥራቅ፣ በምትሠራበት ፋርማሲ ነው።

«ደቦራ! አንቺ ነሽ?»

ደቦራ ደንግጣ ብድግ አለች። ጭኗ ላይ የነበረውን ትልቅ ፖስታ ካፖርቷ ውስጥ ልትከተው ስትል አመለጣትና ወደቀ።

«ውይ፣ አባባ! እዚህ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ፓስፖርቴን ላሳድስ። አንቺስ? ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ?»

«ኦፍ ነኝ... አይ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሺፍቴን ስዋፕ አድርጌ ነው። አፖይንትመንት ነበረኝ።»

«አመመሽ እንዴ ልጄ?»

ደቦራ ፖስታውን ከመሬት አነሣችው። «ይቀመጡ አባባ። ዛሬ ካልነገርኩዎት ሌላ ቀን ድፍረቱን አላገኝም» አለች።

ተቀመጡ። ሰው ቡና በወረቀት ኩባያ ይዞ ከፊታቸው ያልፋል፤ ማንም ማንንም አያይም።

«ይሄ ኮንሰንት ፎርም ነው፤ የአይቪኤፍ ስምምነት። እኔ ሳይን አድርጌያለሁ። የቀረው የፋኑኤል ነው። እሱ ደግሞ ‹አባባ ሳይባርኩት እጄን አላሳርፍበትም› ብሎ ይኸው አንድ ወር። እስከ ዓርብ ካልመለስን ተራችንን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ዛሬ የመጣሁት ኤክስቴንሽን፣ ጥቂት ቀን እንዲጨምሩልን፣ ልጠይቅ ነበር፤ አይሆንም አሉኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው አባባ። ዶክተሯ ‹ከዚህ በላይ አትቆዩ› ብላለች።»

አይቪኤፍ የሚባለው የባልና የሚስትን ዘር ከሰውነት ውጭ አገናኝቶ ወደ ማኅፀን የሚመልስ ሕክምና ነው። ጋሽ አባይነህ በስም ያውቁታል። ባለፈው ወር፣ በቤት ለቤት ጸሎት ላይ፣ ክብረት የሚባል ወንድም «ልጅ ለማግኘት ክሊኒክ መሄድ ኃጢአት ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሰጡት እሳቸው ናቸው። «ልጅ ከእግዚአብሔር ነው እንጂ ከላብራቶሪ አይደለም» አሉ። ሁሉም አሜን አለ። ፋኑኤል በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ያን ቀን የተናገሩት በገዛ ልጃቸው ቤት ላይ እንደሆነ ማን ያውቃል!

እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ይህ ይታወቅልኝ። ዛሬ አዳራሽ የሞላችውን ቤተ ክርስቲያን፣ ፋልከንሪጅ በአንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ሆነው የጀመሯት እሳቸውና ባለቤታቸው ዘሪቱ ናቸው። ወይ ያ ጊዜ! ወንበር የለ፣ ማይክሮፎን የለ፤ ከታክሲ ሺፍት የመጣው፣ ከጽዳት የመጣው፣ ሁሉም ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይዘምራል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያለ ጋሽ አባይነህ ምርቃት የተጋባ ሰው የለም። ሙሽራይቱን እጇን ይዘው «እንደ ሣራ፣ እንደ ርብቃ፣ እንደ ራሔልና እንደ ልያ ያድርግሽ» ሲሉ የማያለቅስ እናት አይገኝም። ዘሪቱ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗል፤ እሳቸውም አሁን ያላቸው ይኸው ምርቃታቸው ነው።

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ሸክም የምጭንብሽ አይምሰልሽ። ግን ሣራ ስንት ዓመት ጠበቀች? ዘጠና ዓመት እስኪሞላት። አንቺ ካገባሽ ገና ሰባት ዓመትሽ ነው። እኔ በሠርግሽ ቀን መርቄሻለሁ። ምርቃቴ ይደርሳል።»

«ደርሷል እኮ አባባ።»

«እንዴት?»

«እንደ ሣራ ያድርግሽ አሉኝ፤ ሣራ መካን ነበረች። እንደ ርብቃ አሉኝ፤ ርብቃም ሃያ ዓመት አልወለደችም። እንደ ራሔል አሉኝ፤ ራሔል ‹ልጅ ስጠኝ፣ አለዚያ እሞታለሁ› ብላ ባሏ ላይ የጮኸች ሴት ናት። ከአራቱ ሦስቱ እንደ እኔ ናቸው። ምርቃትዎ አንድም አልጎደለም፤ ልክ እንዳሉት ነው የሆንኩት።»

በፌዝ አልተናገረችውም፤ ዓይኗ ውኃ ሞልቶ ነበር። ጋሽ አባይነህ አርባ ሃምሳ ሙሽራ መርቀዋል፤ የአራቱን ሴቶች ስም እንደ ዜማ ይሉታል እንጂ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ምን መርቄ ነው ብለው አያውቁም። ስም ብዙ ጊዜ ሲጠራ እንዲህ ነው፤ ይለሰልስና ሰውየው ከውስጡ ይጠፋል።

ሽማግሌ ግን በአንድ ቃል አይረታም።

«ይሁን። ነገር ግን ሣራ አልጠብቅም ያለች ዕለት ምን አመጣች? አጋርን አመጣች። በአቋራጭ የመጣው ነገር ቤቱን ለሁለት ከፈለው። ክሊኒክሽ የዛሬው አጋር ነው ልጄ።» ይህቺ አባባል ለራሳቸውም ጣመቻቸው፤ ለእሑድ ትሆናለች ብለው በልባቸው አኖሯት።

«አባባ፣ ሶሪ፣ አጋር ክሊኒክ አይደለችም። ሰው ናት። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። የሣራ ጥፋት መቸኮሏ ብቻ አይመስለኝም፤ የራሷን ሐዘን አንሥታ በሌላ ሴት ጀርባ ላይ መጫኗ ነው። እኔ ማን ላይ ጫንኩ? መርፌው የሚወጋው እኔን ነው። ልጁ የኔና የፋኑኤል ነው።»

እሑድ የምትሰበከው አባባል እዚያው ተበላሸች።

«ርብቃስ? ይስሐቅ ጸለየላት፣ እግዚአብሔርም ሰማው። ፎርም የለ፣ ፊርማ የለ።»

«ማን ጸለየላት አሉኝ?»

«ይስሐቅ። ባሏ።»

«አዩ? ባሏ ራሱ ነው የጸለየላት። ሕዝብ ፊት አስወጥቶ አላስንበረከካትም። እኔ ስንቴ ወጣሁ አባባ? የመጣው እንግዳ ሰባኪ ሁሉ ፊት ያስወጣኛል፣ ያስንበረክከኛል፣ ‹ማኅፀንሽ ይከፈት› ይለኛል። ሕፃናቱ ሁሉ እያዩኝ። ፋኑኤል ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። ርብቃ ደግሞ በኋላ ፅንሱ ሲገፋፋባት ሽማግሌ አልላከችም፤ ራሷ ሄዳ እግዚአብሔርን ጠየቀች፣ መልሱንም ለራሷ ነገራት። ላይክ... የገዛ ሰውነቷን ጉዳይ እኮ ነው።»

ጋሽ አባይነህ አማች ሊጠይቀው የማይገባ መሆኑን እያወቁ፣ ጠየቁ። «ችግሩ ከማን ነው ልጄ?»

«ከቤታችን ነው።»

«ማለቴ፣ ከ...»

«የጠየቁኝ ገብቶኛል አባባ። ከቤታችን ነው።»

ድምፅዋ እንደ በር ተዘጋ። እሳቸውም አልገፉም።

«ለመሆኑ ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?» አሉ ነገሩን ለማለዘብ። «በልጅነትሽ እኮ የአማርኛ ንባብ ትሸሺ ነበር፤ እናትሽ ስታለቅስብሽ አውቃለሁ።»

ደቦራ ሳቀች። አሥራ አራት ዓመቷ ላይ ነው ካናዳ የገባችው። «ፋርማሲ አብራኝ የምትሠራ አንዲት አይሁዳዊት አለች፤ ትልቅ ሴትዮ ናት። ዘወትር ዓርብ ማታ ሴት ልጆቿን ‹እንደ ሣራ፣ እንደ ርብቃ፣ እንደ ራሔል፣ እንደ ልያ ያድርጋችሁ› ብላ ነው የምትመርቃቸው። ‹የኔ አማችም እንደዚሁ ነው የመረቁኝ!› ስላት አቀፈችኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት ስለ እነሱ ነው የምናወራው። እነሱ ‹እናቶቻችን› ነው የሚሏቸው። እንደ ቅድስት ብቻ አያዩአቸውም አባባ። እንደ ዘመድ ያሟቸዋል፤ ያዝኑላቸዋል። አንድ ቀን ስለ እንኮዩ አነሣሁባት።»

«ስለ የቱ እንኮይ?»

«የራሔልና የልያ። የልያ ልጅ ከእርሻ እንኮይ አምጥቶ ራሔል ‹ስጪኝ› ያለቻት።»

የእንኮይ ስም ሲነሣ የጋሽ አባይነህ ፊት ፈካ። መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ፣ መጣባቸው። «አዬ እንኮይ! አንቺ የት ታውቂዋለሽ። ቢጫ፣ ጎምዛዛ፣ ፍሬው ከሥጋው የሚበልጥ። ሴቶቹ ከጀማ በረሃ ያወጡትና ገበያ ላይ በጣሳ ይሸጡታል። ገና ስታዪው ምራቅሽ ይሞላል። እኔ ያን ታሪክ በሰበክሁ ቁጥር እስቃለሁ፤ ሁለት እኅትማማቾች በእንኮይ ተጣሉ ብዬ።»

«አባባ፣ እንኮይ አይደለም እኮ።»

«ምን ማለትሽ ነው? መጽሐፉ እንኮይ አይደል የሚለው?»

«በአማርኛው። የተረጎሙት አባቶች የሚያውቁት ፍሬ ሳይመስላቸው አይቀርም። በዕብራይስጡ ሌላ ነው። እንግሊዝኛው ማንድሬክ ይለዋል፤ ሥሩ ወፍራም የሆነ ተክል ነው። የዚያን ዘመን ሴቶች እንዲያረግዙ ይረዳል ብለው የሚፈልጉት መድኃኒት። ራሔል ፍሬ አምሯት አይደለም አባባ። መድኃኒት ነው የፈለገችው። ለእሱ ስትል ከእኅቷ ጋር ተደራደረች።»

ጋሽ አባይነህ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ግን አሮጌ ሰባኪ ናቸው፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያውቁታል፤ ቶሎ ብለው ያዟት።

«ጥሩ! መድኃኒት ይሁን። ማን ወለደች ታዲያ? የበላችው ራሔል ናት ወይስ የሰጠችው ልያ? ልያ ናት! መድኃኒትሽ አልሠራም።»

ደቦራ እንደተሸነፈ ሰው ራሷን ነቀነቀች። «እሱን አውቃለሁ። ክሊኒኩም እርግጠኛ ነኝ አላለኝም፤ ላይሠራ ይችላል ብለው ጽፈውልኛል። ሳይን ያደረግሁት እሱን አንብቤ ነው። እኔን ግን ያጽናናኝ ሌላ ነው። ራሔል መድኃኒት ስለፈለገች የወቀሳት አለ? ‹እምነት አጣች› የሚል አንብበዋል? እኔ አላነበብኩም። ቀጥሎ ያለው እግዚአብሔር ራሔልን አሰባት ነው። ፈልጋ ነበር፤ አሰባት። ሁለቱ አልተጣሉም አባባ። እኛ ነን ያጣላናቸው።»

ቀና ብላ ስታይ ሽማግሌው እሷን እየሰሙ አልነበረም፤ በመስታወቱ በኩል ባቡሩን እያዩ ነበር። ባቡሩንም እያዩ አልነበረም።

ሩቅ ሄደው ነበር። ዓለም ከተማ፣ አንድ ክፍል ቤት። ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው፤ አዲስ ተጋቢ፣ አዲስ አማኝ፣ በዚያ ዘመን ለመጸለይ መስኮት ተዘግቶ ነው። ዘሪቱ የገበያ ቀን እንኮይ ትገዛለች። ለመቅመስ አይደለም፤ ጣሳ ሙሉ። ታጥበዋለች፣ አንድ በአንድ ታደርቀዋለች፣ ጥግ ላይ ትቀመጥና ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጸሎት ትጸልያለች። ከዚያ ትበላለች፤ እንኮይ አትወድም ነበር፤ ጎምዛዛ ነገር ጥርሷን ያማት ነበር፤ ፊቷን ጭምድድ አድርጋ ትጨርሰዋለች። ሲያዩ ይስቁባታል። «ዘሪቱ፣ ለአንድ ጣሳ እንኮይ ይህን ያህል ጸሎት? ለሠርጋችን እንኳ እንዲህ አልጸለይሽም!» ይሏታል። እሷም ፈገግ ብላ «አንተ ምን ታውቃለህ» ትላለች። ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው እንኳ ወቅቱ ሲደርስ ሰው ልካ ታስመጣ ነበር። ዘጠኝ ዓመት። በዘጠነኛው ዓመት ፋኑኤል ተፀነሰ።

«ደቦራ» አሉ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ፋኑኤል ከተወለደ በኋላ እናቱ እንኮይ በአፏ አልዞረም። አንድ ዘመድ ከዓለም ከተማ ዘንቢል ሙሉ ይዞ መጥቶ፣ ለጎረቤት ልጆች አደለችው። ‹ምነው ዘሪቱ፣ ያን ያህል ትወጂው የለም ወይ?› ብላት፣ ‹ጠገብኩ› አለችኝ።»

ደቦራ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፈገግ ልትል ነበር፤ የዋህ ስሕተት ናት፣ በአማርኛ ያነበበ ሰው ብቻ የሚሳሳታት። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ኦ ማይ ጋድ... አባባ። የራሔልን...»

«የራሔልን ነው። እንኮይ ይላል፤ እንኮይ በላች። ዘጠኝ ዓመት በላች። እኔ ሳቅሁባት።» ጋሽ አባይነህ መሐረብ ፈለጉ፤ አጡ፤ በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ለምን አልነገረችኝም? አንድ አልጋ ላይ እያደርን!»

«ቢነግሩዎት ኖሮ እርስዎ ምን ይሏቸው ነበር?»

ጥያቄው በአክብሮት የተጠየቀ ነው፤ ግን መሸሻ የለውም። ጋሽ አባይነህ መልሱን ያውቁታል። ባለፈው ወር ለክብረት ያሉትን ነበር የሚሏት። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። እሷም ይህን ታውቅ ስለነበር ብቻዋን ጥግ ላይ ተቀምጣ ጎምዛዛ ፍሬ ስትበላ ኖረች። እምነቷ ከእሳቸው አንሶ አልነበረም። ስትበላም ትጸልይ ነበር፤ ስትጸልይም ትበላ ነበር። አርባ ዓመት አብረው ኖረው ይህን ያወቁት ዛሬ፣ መውረጃው በጠፋቸው ድልድይ ላይ ነው። ከሁሉ የቆጫቸው ሳቃቸው ነው። አንድ ቀን እንኳ አብረዋት አንድ ፍሬ አልበሉም።

«ልያስ?» አሉ፣ ልክ ተማሪ እንደሚጠይቅ። «ያቺ ሴትዮሽ ስለ ልያ ምን ትላለች?»

«ልያ ስድስት ወንዶች ልጆች ወልዳም ባሏ አልወደዳትም። ‹አሁንስ ይወደኛል› እያለች ነው ስም የምታወጣላቸው። ልጅ ፍቅር አይገዛም ማለት ነው አባባ። ይሄን ለፋኑኤል ነግሬዋለሁ፦ ባይሳካም ትወደኛለህ ወይ አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ዝም አለ። እሱ ዝም ነው የሚለው። የራሔል ባል ያዕቆብ ቢያንስ ተቆጣ።»

ጋሽ አባይነህ ተነሡ። «መኪናሽ የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ምድር ቤት ፓርክ አድርጌያለሁ።»

«እንግዲያው ውሰጂኝ፤ ደረጃው ጠፍቶኛል» አሉ። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱት ሰውዬ ይህን ሲሉ የሰማቸው ምራታቸው ብቻ ናት።

ከዳውንታውን ሲቲስኬፕ ሰፈር፣ ፋኑኤልና ደቦራ ቤት እስኪደርሱ፣ መንገዱን ሁሉ ያወሩት እሳቸው ናቸው። ያሉትን ከመድገም በኋላ የሆነውን ልጻፈው፤ ከዓመት ወዲህ በቤተ ክርስቲያናቸው የሆነው ሁሉ ከዚያ መኪና ውስጥ ስለወጣ። ሠርግ ካለፈ በኋላ «ምነው ዝም አላችሁ?» የሚባል ጥያቄ ቀርቷል፤ ሊጠይቅ አፉን የከፈተ ሰው የጋሽ አባይነህን ዓይን ሲያይ ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራል። ልጅ የዘገየባቸውን በሰው ሁሉ ፊት ማስወጣት ቀርቷል፤ ባልና ሚስት አንድ ላይ፣ ቤታቸው፣ ሲፈቅዱ ብቻ ይጸለይላቸዋል። ሆስፒታል የምትሠራ ምሥራች የምትባል እኅት ሁለት ቅዳሜ ስለ ሕክምናው አስተማረች፤ ወንዶችም መመርመር እንዳለባቸው በማይክሮፎን ስትናገር አዳራሹ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ግን ተሰማች። ክብረትና ሚስቱ ሕክምናውን ተዉትና የማደጎ ልጅ ወሰዱ፤ ሌሎች ጀመሩ፤ ሌሎች ባሉበት ጸኑ፤ ሁሉም እሑድ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጋሽ አባይነህም አሁን ሙሽራ ሲመርቁ ስሞቹን ብቻ አይጠሩም፤ ስለ ሣራ አንድ ነገር፣ ስለ ርብቃ አንድ ነገር፣ እንዴት እንዳለቀሱና ምን እንዳደረጉ ይነግሯታል። ምርቃቱ ረዝሟል፤ ምግብ ይቀዘቅዛል ተብሎ ይታማል።

ደቦራስ ወለደች ወይ? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ወዳጄ፣ ይህ ታሪክ የተጻፈው ለአንተ ነው።

ወደዚያ ዕለት ልመለስ። ፋኑኤል ኤርፖርት ካርጎ የሌሊት ሺፍት ስለሚሠራ ገና ከእንቅልፉ መነሣቱ ነበር። አባቱንና ሚስቱን አንድ ላይ ሲገቡ ሲያይ የሻዩን ኩባያ አስቀመጠ። ደቦራ ፖስታውን ኩሽና ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ አባይነህ። «ባለፈው ወር የተናገርሁት ስሕተት ነበር። ሕዝቡም ፊት እናገረዋለሁ። አሁን ግን የመጣሁት ልባርከው ነው።»

«አባባ፣ ይቆዩ።» ፋኑኤል ጠረጴዛውን ያዘ። «ከመባረክዎ በፊት ይወቁ። ደቦራ ምንም የለባትም። ችግሩ የኔ ነው። ካወቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እሷ ላይ ሲጸለይ እኔ አሜን እያልኩ ዝም አልኩ። ‹ለአባባ ንገር› እንኳ ብላኝ አታውቅም።»

ደቦራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጋሽ አባይነህ ልጃቸውን ሊቆጡት ቃሉ አፋቸው ደርሶ ነበር። ተዉት። በየት በኩል ይቆጡት? ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እኔንም መርምሮኝ የሚያውቅ የለም» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት እጅ የተጫነው በእናትህ ራስ ላይ ነው። መካን ሲሏት እሰማ ነበር። ‹ምናልባት እኔ እሆን?› ብዬ አንድ ቀን ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። በልቤ ግን ብያለሁ ልጄ። ብዬ ዝም ብያለሁ። እሷ ተሸክማልኝ ሄደች፤ ይቅር በይኝ የምላት የለችም። አንተ ግን አለችህ፤ ይቺውና ቆማለች።»

ፋኑኤል እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወደ ሚስቱ ሄዶ ምን እንዳላት አልተሰማም፤ መሰማትም የለበትም። ከዚያ ሽማግሌው ሊጸልዩ ተነሡ። ደቦራ፣ ሰባት ዓመት የለመደው ጉልበቷ ነው፣ ሳታስበው ኩሽናው ወለል ላይ ልትንበረከክ ዝቅ አለች።

ጋሽ አባይነህ ክንዷን ይዘው አነሷት።

«አንቺ ቁሚ ልጄ» አሏት። «አንቺ ይበቃሻል።» ወደ ልጃቸውም ዞሩ። «ና አንተ።»

ፋኑኤል ተንበረከከ። አባቱ ሁለት እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። ጸሎቱ አጭር ነበር፤ አሜን ያለችው ደቦራ ናት። ፋኑኤል ተነሣና ብዕር ፈለገ።